መንገዱ የማን ነው?

ከልደታ ኮንዶሚኒየም ማልደን ወደ መስቀል አደባባይ የምንሄድ ወጣቶች ሁለት ዓይነት ሰው እናያለን፤ በደረጃዎቹ እየተመላለሰ ለውድድር የሚሮጥና ለጤናው የሚራመድ። ሯጩ «መንገድ ልቀቁ!» ይላል፤ እናቶች ጎን ለጎን ሆነው እያወጉ ይሄዳሉ። መንገዱ ታዲያ የማን ነው?

የሁለቱም ነው፤ መብት በፍጥነት አይለካምና። ለሯጩ ልፋቱ እንጀራው ሊሆን ይችላል፤ ለእናቶቹም እርምጃው መድኃኒታቸው ነው። ይሁን እንጂ እኩል መብት ማለት ሁሉም በአንድ መስመር ይጋፋ ማለት አይደለም። በ1994 ዓ.ም. በተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ተወዳዳሪው ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ ይነሣል፤ 10 ኪሎ ሜትሩ ግን አንድ ነው። ቦታ መለየት መናቅ አይደለም።

ስለዚህ የሚራመድ በአንድ ረድፍ ይሂድ፤ የሚሮጥ ደግሞ አብልጦ ይጠንቀቅ፤ ቢጋጩ የሚወድቀው ደካማው ነውና። እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለሚቀድመን መንገድ እንስጥ፤ የምንቀድመውንም አንገፍትረው።