ሳይዋሹ ማታለል

ሰውን ማታለል ነውር ነው፤ ይህን ለመናገር ፈላስፋ መሆን አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ሰው ተታሎ የሚስቅበት፣ ተታሎ የሚያጨበጭብበት፣ አልፎ ተርፎም «እስቲ ድገመው» ብሎ የሚለምንበት ጊዜ አለ። የካርታ ምትሃት የሚያሳይ ሰው ሥራው ይኸው ነው። አፉ አንዲት ሐሰት ባይናገር እንኳ እጁ ይዋሻል። ታዲያ ይህን ሰው ምን እንበለው? አታላይ ወይስ ከያኒ?

ጥያቄው ለከተሜ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ወደ ላስታ ተራሮች ይዘነው ብንወጣ ግን ክብደቱ ይለወጣል። በዚያ አገር ምትሃት የመድረክ ጨዋታ ስም አይደለም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደቀ መዛሙርቱ ጌታን በባሕር ላይ ሲራመድ አይተው በፍርሃት የጮኹት «ምትሐት» መስሏቸው ነው። በሕዝቡም አነጋገር ምትሃት ማለት የሌለውን እንዳለ አድርጎ፣ ያውም በመናፍስት ኃይል፣ ማሳየት ነው። በሙሴ ፊት በትራቸውን እባብ ያደረጉት የፈርዖን ጠቢባንና ሲሞን መሠርይ የዚህ ወገን ናቸው። ከዚህ በተቃራኒ ተአምር ቆሟል። ላሊበላ ደግሞ ተአምር የሩቅ ወሬ ያልሆነባት ከተማ ናት፤ አብያተ ክርስቲያናቱን ቀን ቀን ሰዎች ሲወቅሩ፣ ሌሊት ሌሊት መላእክት ሥራውን ይቀጥሉ እንደ ነበር ትውፊቱ ይናገራል። እንግዲህ ተአምር በአንድ ወገን፣ ምትሃት በሌላ ወገን በቆሙበት አገር የካርታ ጨዋታ መቆሚያው የት ነው?

እንበልና አንድ የላስታ ወጣት በስልኩ እያየ አንድ የታወቀ የካርታ ጥበብ ለመማር ተነሣ። ጥበቡ እንዲህ ነው። ተመልካቹ አንድ ካርታ ይመርጥና ፊርማውን ያኖርበታል። ካርታው በክምሩ መሐል ይገባል። ባለ ካርታው ጣቱን ያጮሃል፤ የተፈረመበት ካርታ ከላይ ይገኛል። እንደገና መሐል ይገባል፤ እንደገና ከላይ ይወጣል። ከምሥጢሮቹ ዋነኛው ሁለት ካርታ እንደ አንድ አድርጎ ማንሣት ነው። ትንሿ ጣት ከላይ ካሉት ሁለት ካርታዎች ሥር እንደ ክር የቀጠነች ክፍተት ትይዛለች፤ ሁለቱ ተጣብቀው ሲገለበጡ ተመልካቹ ያየው አንድ ካርታ ይመስለዋል። ተመልሰው በጀርባቸው ሲተኙ፣ ወደ መሐል የሚገባው ከላይ የነበረው ባዳ ካርታ ነው፤ የተመረጠው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ይህ ቀላል ነገር ሃሪ ሁዲኒን የሚያህል ሰው አሸንፏል። ሁዲኒ ማንኛውንም ጨዋታ ሦስት ጊዜ ካየሁ ምሥጢሩን አውቃለሁ እያለ ይፎክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 ቺካጎ ውስጥ ዳይ ቨርነን የተባለ ካናዳዊ ወጣት የካርታ ባለሙያ ይህንኑ ጥበብ ደጋግሞ አሳየው። ሁዲኒ ሊደርስበት አልቻለም።

የላስታው ወጣት ይህን ለመልመድ ወራት ይፈጅበታል። ጣቱ እስኪገራ ካርታው ሺህ ጊዜ መሬት ይወድቃል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን መስታወት ፊት ሲለማመድ የሚደርስበት ነገር ነው። ብዙ ጀማሪዎች ምሥጢሩ በሚፈጸምባት በዚያች ቅጽበት ሳያውቁት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ስለዚህ መስታወቱ ውስጥ ጉድለት አያዩም፤ እጃቸው የተዋጣለት ይመስላቸዋል። ሌላውን ለማታለል የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያታልለው ራሱን ነው ማለት ነው። ይህ ለካርታ ብቻ የተሰጠ ሕግ አይመስለኝም።

ከዚህ ትምህርት የሚገኘው ትልቁ ነገር እንግዲህ የጣት ቅልጥፍና አይደለም፤ «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» የሚለውን አባባል በጥርጣሬ መመልከት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። ሰዎች ፊልም እያዩ፣ ተጫዋቾች ኳስ ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ እንዲቆጥሩ ተነገራቸው። በመሐል የዝንጀሮ ዘመድ የሆነውን የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው በተጫዋቾቹ መካከል ገብቶ፣ ደረቱን ደቅቶ ወጣ። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ አላዩትም። ዓይናቸው ጤነኛ ነበር፤ ልባቸው ግን ሌላ ቦታ ተቀጥሯል። የካርታ ባለሙያም የሚሠራው በካርታው ላይ ሳይሆን በዚሁ በልብ ላይ ነው። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል እንላለን፤ ልብ ምን እንዲታይ አስቀድሞ እንደሚፈርድ ግን እንዘነጋለን።

አሁን ወጣቱ ጥበቡን ችሏል እንበል። ከፊቱ ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው የቡና ሰዓት ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ፈንዲሻ ሲቃም ካርታውን ያወጣል። ሰው ይገረማል፣ ይስቃል፣ ምሥጢሩን ለማወቅ ይከራከራል። ማንም ከኪሱ የወጣ ነገር የለም።

ሁለተኛው የቅዳሜ ገበያ ነው። ሦስት ካርታ መሬት ላይ ይደፋል፤ አንዷ ቀይ ንግሥት ናት፤ ቀይዋን ያገኘ ገንዘቡ እጥፍ ይሆንለታል። እዚህም ምሥጢሩ የጣት ነው። በአንድ እጅ ሁለት ካርታ ደራርቦ ይይዛል፤ ሰው ሁሉ የታችኛዋ ወደቀች ሲል የጣላት የላይኛዋን ነው። ክፋቱ ግን ከጣቱ ይልቅ በአጃቢዎቹ ላይ ነው። ከተመልካች ጋር ተመሳስሎ የቆመ ግብረ አበር፣ ባለ ካርታው ዘወር ሲል የንግሥቲቱን ጠርዝ ያጥፍና ለገበሬው ይጠቅሰዋል። ገበሬው «አሁንስ አገኘሁት» ብሎ የበሬ መግዣውን ያስይዛል። ባለ ካርታው ግን የታጠፈችውን አቃንቶ ሌላዋን አጥፏል። ልብ በሉ፤ ሰውየው የተያዘው በሞኝነቱ ብቻ አይደለም፤ አታላዩን ላታልል ባለበት ቅጽበት ነው። አዲስ አበባም «ቁጭ በሉ» የምትለው ማጭበርበር ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዚሁ ነው፤ ተበዳዩ በገዛ ስስቱ ስለሚያፍር አይከስም።

ሦስተኛው መንገድ ከሁለቱም የከፋ ነው። ወጣቱ ካርታውን «ዕጣ ፈንታህን አያለሁ» ብሎ ይዘረጋል። የጠፋ ከብት፣ የታመመ ልጅ፣ የከዳ ባል ያለው ሰው ወደ እሱ ይመጣል። እዚህ ላይ የሚሰረቀው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ፍርድም ነው። በቀድሞው ዘመን የነበረውን ሌባሻይ እናስታውስ። መድኃኒት የጠጣ ልጅ በገመድ ተይዞ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ያ ሰው ያለ ምስክርና ያለ ማስረጃ ዕዳ ይከፍል ነበር። ትርኢት ዕውቀት ነኝ ሲል ንጹሕ ሰው ይቀጣል።

ጣቷ በሦስቱም ስፍራ አንድ ናት። እንግዲህ ልዩነቱ ከጣት ውጭ መፈለግ አለበት። ብዙዎች የሚሰጡት መልስ «ውል» የሚል ነው። በቡናው ላይ ተመልካቹ መታለሉን አውቆ ፈቅዷል፤ በገበያው ዕድሉን የሚሞክር መስሎታል፤ በጠንቋዩ ቤት እውነት የሚገዛ መስሎታል። ከተፈቀደ ማታለሉ ጨዋታ ነው፤ ካልተፈቀደ ሌብነት።

መልሱ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ውል ለመግባት ሁለቱ ወገኖች ውሉን በአንድ ቋንቋ ማንበብ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1856 የፈረንሳይ መንግሥት ታዋቂውን የምትሃት ባለሙያ ሮበርት ሁዳንን ወደ አልጄሪያ ላከ። ዓላማው መዝናኛ አልነበረም፤ ማራቡት የሚባሉት የሃይማኖት ሰዎች በሕዝቡ ላይ የነበራቸውን ተሰሚነት መስበር ነበር። ሁዳን አንድ ትንሽ ሣጥን አምጥቶ ጠንካራውን አረብ እንዲያነሣው ጋበዘው፤ አነሣው። ከዚያ ኃይልህን ወስጄብሃለሁ ብሎ እንደገና እንዲያነሣው ጠየቀው፤ ሰውየው ቢታገል ቢታገል ሣጥኑ አልነቃነቅ አለ። ከወለሉ በታች በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ነበረ። ፓሪስ ላይ ቢሆን አዳራሹ ባጨበጨበ ነበር። አልጀርስ ላይ ግን ሰው ደነገጠ። ያ የሣጥን ጨዋታ የቅኝ ገዥ መሣሪያ ሆነ። ጥበቡን ከአስማት የለየ ማብራሪያ በኋላ በአስተርጓሚዎች በኩል ለሕዝቡ እንዲነገር መደረጉን ሁዳን ራሱ በማስታወሻው ጽፏል፤ ፍርሃቱ ግን ሥራውን ከሠራ በኋላ ነበር።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመውን ሰው እንመልከት። እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1584 ባሳተመው መጽሐፍ የካርታን፣ የሳንቲምን፣ ሌላው ቀርቶ የተቆረጠ ራስ የማሳየትን ጨዋታ ምሥጢር ዘርዝሮ አወጣ። በዘመኑ ድሆችና አሮጊቶች ጠንቋይ ናችሁ ተብለው ይገደሉ ነበርና፣ ድንቅ የሚመስል ነገር ሁሉ የሰይጣን ሥራ እንዳልሆነ ማስረዳት ፈለገ። ምሥጢር ማውጣት ለጨዋታው ሞት ነው፤ ለእነዚያ ሴቶች ግን ሕይወት ሊሆን ይችል ነበር።

ታዲያ የላስታው ወጣት ምሥጢሩን ሁሉ ያውጣ? አይመስለኝም። መልሱ እዚያው አጠገቡ አለ። ከላስታ ብዙም የማትርቀው ዋድላ በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች ናት፤ የዋድላ ቅኔ ቤት ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ ይነሣል። ቅኔም ማታለል ነው። ባለ ቅኔው ሰሙን ከፊት ያኖርና ወርቁን ከኋላ ይሰውራል፤ ጆሮ በአንዱ ሲጠመድ ልብ ሌላው ያመልጠዋል። ሆኖም ባለ ቅኔውን ውሸታም ያለው የለም፤ ምክንያቱም ሰም ባለበት ወርቅ እንዳለ ሰሚው አስቀድሞ ያውቃል። ባለ ቅኔው ወርቁን ላይፈታለት ይችላል፤ ወርቅ መኖሩን ግን አልደበቀውም። የካርታውም ሕግ ይኸው ቢሆን ይበቃል፦ መንገዱን መሰወር ይፈቀዳል፤ መንገድ መኖሩን መሰወር ግን አይፈቀድም።

«መንገድ አለው ከተባለማ አድናቆቱ ይጠፋል» የሚል ይኖራል። ለእሱ መልስ የሚሰጡት አብያተ ክርስቲያናቱ ናቸው። በላሊበላ ግድግዳ ላይ የመሮው ፋና ዛሬም ይታያል። ቤተ ጊዮርጊስ ከአናቱ ወደ ታች እየተፈለፈለ እንደተሠራ ማንም ቆሞ ሊያይ ይችላል። ያን ሁሉ እያየ አፉን በእጁ የማይዝ የለም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አገራችን መጥቶ እነዚህን ሕንጻዎች ካየ በኋላ፣ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ ሰግቶ፣ የጻፈው እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም እስከ መማል ደርሷል። ምትሃተኛው ያልሆነውን አሳይቶ ይታመናል፤ አልቫሬዝ የሆነውን አይቶ እንዳይታመን ፈራ። እውነተኛ ድንቅ መደበቂያ አያሻውም።

እርግጥ በተግባር ነገሩ እንዲህ ቀላል አይሆንም። ወጣቱ በቡናው ላይ ካርታውን ሲያወጣ አንዲት አሮጊት አማትበው ወደ ኋላ ሊያፈገፍጉ ይችላሉ። ያን ጊዜ ጨዋታው የሚፈተነው በጣቱ አይደለም። ፍርሃታቸው ደስ ካለው፣ ዝም ብሎ ፈገግ ካለና እንደ አዋቂ መታየቱ ከጣመው፣ አንድ ሳንቲም ሳይወስድ ወደ ሦስተኛው መንገድ ገብቷል። ካርታውን እጃቸው ላይ አኑሮ፣ «እማማ፣ የእጅ ልምድ እኮ ነው፤ የእርስዎ ጣት ጥጡን ከእንዝርቱ ጋር ሲያስማማው እኔ ባየው ይገባኛል?» ቢላቸው ግን ምሥጢሩንም አላወጣ፣ እሳቸውንም አላሳነሰ። ምናልባት ይስቁና «እስቲ ድገመው» ይሉት ይሆናል።