የሌላውን ርስት መሥዋዕት ስለ ማድረግ

ቢኪኒ በፓሲፊክ ውቅያኖስ፥ በማርሻል ደሴቶች፥ ጸጥ ያለ ባሕርን እንደ ቀለበት የከበበች ዝቅተኛ የኮራል ምድር ናት። በ1946 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሹም ከእሑድ ጸሎት በኋላ ሕዝቡን ሰብስቦ፥ ለሰው ልጆች ጥቅምና ጦርነትን ሁሉ ለማስቀረት ሲሉ፥ የአቶሚክ ቦምብ እንዲሞከርባት አገራቸውን ለጊዜው ይለቁ ዘንድ ጠየቃቸው። አለቃቸው ጁዳም ነገሩን ለእግዚአብሔር ትቶ እሺ አለ፤ 167 ሰዎችም ወጡ።

እስከ 1958 ድረስ 23 ቦምቦች ፈነዱባት፤ በ1954 የፈነዳው አንዱ ብቻ ሂሮሺማን ካጠፋው አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጥ ነበር። ሕዝቡ ግን በተሰደደበት በሮንጌሪክ ተራበ፤ ኋላ የተመለሱትም ምድሪቱ ተመርዛ ስለ ተገኘች በ1978 እንደገና ወጡ።

«ጥቂቶች ተጎድተው ብዙዎች ቢድኑ ምን ክፋት አለው?» የሚል ይኖራል። እኔ ግን እንደሚመስለኝ፥ መሥዋዕት የሚባለው ሰው ከራሱ የሰጠው ብቻ ነው። ጠያቂው መርከብና መድፍ ያለው፥ ተጠያቂው ግን እምቢ ለማለት ኃይል የሌለው ሲሆን፥ እሺታው ስጦታ ሊባል አይችልም። ደግሞስ እነዚያ 167 ነፍሳት ከሰው ልጆች ቁጥር ውጭ ነበሩን?

ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ «ለሁሉ ጥቅም» ሲባል ብትሰማ፥ አስቀድመህ ከማን እንደሚወሰድ ጠይቅ። ከአንተ ከሆነ በደስታ ስጥ፤ ከሌላው ከሆነ ግን፥ እምቢ ቢል ቃሉ የሚከበርለት መሆኑን ሳታረጋግጥ እሺታውን አትቀበል።