ስለ ፊልም ነጥብ

ፊልም አይቶ የወጣ ሰው ባልንጀራው «እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ዛሬ «ከመቶ ዘጠና» ብሎ ይመልስለታል። ቍጥሩ ምን እንደ ቈጠረ ግን ጠያቂውም መላሹም አይመረምሩም። በአሜሪካ አገር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው «ሮትን ቶማቶስ» (የበሰበሱ ቲማቲሞች ማለት ነው፤ ስሙም ከግብሩ አይርቅም) ለአንድ ፊልም 100 ሲሰጥ ፍጹም ነው ማለቱ አይደለም፤ ከመረመሩት ጸሓፊዎች አንድ ስንኳ የነቀፈው የለም ማለቱ ነው። ስለዚህ ሁሉ «ደኅና ነው» ብሎ ያለፈው ሥራ 100 ሲያገኝ፥ እኩሌቶቹ ከልብ ያደነቁት፥ እኩሌቶቹም የተቈጡበት 50 ያገኛል። ከ60 በታች የሆነውም የፈረጠ ቲማቲም ሥዕል ይለጠፍበታል።

ገንዘቡ ጥቂት ለሆነ ተመልካች ቍጥር ይጠቅመዋል የሚል ቢኖር እውነት ነው። ነገር ግን ቍጥሩን ብቻ ያነበበ ሰው ፊልሙን ሳያይ፥ ምክንያቱንም ሳይሰማ በሰው ድካም ላይ ይፈርዳል።

በቅኔ ቤት መቍጠር ማለት ቅኔ መድረስ ነው እንጂ ነጥብ መስጠት አይደለም። ተማሪው ብቻውን የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰሙ ከወርቁ የት እንዳልገጠመ፥ ቤቱም የት እንደ ጐደለ ያሳየዋል። ነቀፋው መራራ ነው፤ ተማሪው ግን የሚያቀናውን ዐውቆ ይመለሳል።