ምንጩን ያገኘው መልእክተኛ

ካሲኒ የሚባል መልእክተኛ መንኮራኩር ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1997 ከፍሎሪዳ ተነሥቶ ሰባት ዓመት ገደማ ተጓዘና ከባለቀለበቷ ሳተርን ደጃፍ ደረሰ። የተላከው ለአራት ዓመት ነበር። አራቱ ሲያልቁ «ትንሽ ቆይ» አሉት፤ ቆየ። ደግመው «ትንሽ ቆይ» አሉት። ጎበዝ ሠራተኛን በጊዜው ጡረታ የሚያወጣ የለምና አሥራ ሦስት ዓመት ሞላው።

ከሳተርን ጨረቃዎች መካከል ኤንሴላደስ የምትባል አንዲት ትንሽ አለች፤ ከዳር እስከ ዳር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ፣ በረዶ የለበሰች። በ2005 ካሲኒ ከደቡብ ዋልታዋ ስንጥቆች እንፋሎትና የበረዶ ብናኝ ሲፈናጠር አየ። በኋላም በፍንጣቂው መሃል ሰንጥቆ እያለፈ ቀመሰው። ጨው ጨው ይላል። ከበረዶው ሥር ባሕር ኖሯል!

ነዳጁ ሊያልቅ ሲል ላኪዎቹ ፓሳዴና ላይ ተመካከሩ።

«እንዲሁ ይዙር፤ ማንን ይነካል?» አለ አንዱ።

«ልጓሙ እኮ ነዳጁ ነው» አለች ሌላዋ። «ካለቀ በኋላ ማን ይመልሰዋል? አንድ ቀን እዚያች ጨረቃ ላይ ቢወድቅስ? ከእኛ ጋር የኖረ ባክቴሪያ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። የያዘው ፕሉቶኒየም ደግሞ ገና ትኩስ ነው፤ በረዶ ያቀልጣል።»

ሽማግሌው ቆየት ብለው፣ «ምንጩን ባያገኘው ኖሮ የትም ቢወድቅ ግድ አልነበረንም» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ሳተርን ውስጥ ገብቶ እንዲቃጠል በገዛ ግኝቱ ተፈረደበት። በኤፕሪል 2017 በትልቋ ጨረቃ በታይታን ስበት መንገዱን አጠፈና በሳተርንና በቀለበቷ መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ 22 ጊዜ ተሽሎከለከ። ለአዛውንት የሚሰጥ ሥራ አይደለም፤ ግን ከእንግዲህ ለምን ይጠንቀቅ?

ሴፕቴምበር 15 ቀን የሳተርን አየር ውስጥ ገባ። አንቴናውን ወደ ምድር እንዳቀና ነበር። አየሩ ሊያዞረው ሲገፋው ትንንሾቹ ሞተሮቹ መልሰው ይገፋሉ፤ መጀመሪያ በጉልበታቸው አንድ አሥረኛ፣ ኋላ ባላቸው ሁሉ። አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ታገለና አቃተው።

ድምፁ ምድር ለመድረስ 83 ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለዚህ አውስትራሊያ ያለው ግዙፍ ዲሽ የመጨረሻ ቃሉን ሲቀበል፣ ተናጋሪው ተቃጥሎ ከሳተርን ደመና ጋር ከተቀላቀለ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖታል። ፓሳዴና ያሉት ተቃቀፉ። ከዚያ ቃሉን ፈትተው ማንበብ ጀመሩ፤ የሳተርን አየር ቅምሻ ነበር።