በናስትሮ የተሸፈነ አማና



ስለ አማና ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ገንዘብ ይሄዳል። አደራ መመለስ፣ ብድር መክፈል፣ ሚዛን አለማጉደል ትዝ ይለናል። እነዚህ ሁሉ ግን ሲጎድሉ የሚታወቁ ናቸው፤ ገንዘቡን ባለቤቱ ቆጥሮ ይደርስበታል፣ ሚዛኑም በሌላ ሚዛን ይፈተሻል። ለመሆኑ ባለቤቱ ገልጦ በማያየው፣ ቢያየውም በማያውቀው፣ ሲበላሽም ማን እንዳበላሸው በማይለይ ሥራ ላይ አማና ምን ይመስላል? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከአሮጌ መኪና ኮፈን ሥር ያለች፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ አንዲት የፕላስቲክ ሶኬት ትበቃናለች።

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከሚመላለሱት ኮሮላዎችና ቪትዞች ብዙዎቹ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ያስቆጠሩ ናቸው። የእነዚህ መኪናዎች ሞተር ነዳጁን የሚያገኘው በኢንጀክተር ሲሆን የሚታዘዘውም በኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሞተሩን ሙቀትና የሚገባውን አየር የሚያውቀው ሴንሰሮች በቀጫጭን ሽቦዎች በሚልኩለት መልእክት ነው። ከእያንዳንዱ ሽቦ ጫፍ ላይ ሶኬት አለ፤ ወንዴውና ሴቴው ሲገጣጠሙ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ቀጭ ብላ ትይዛቸዋለች። ዓመታት ሲቆጠሩ የሞተሩ ሙቀት ፕላስቲኩን ያደርቀዋል። አንድ ቀን ሶኬቱ ለሌላ ሥራ ሲነቀል ምላሷ ትሰበራለች። ከዚያ በኋላ ሶኬቱ የተገጠመ ይመስላል እንጂ የሚይዘው ነገር የለም። መንገዱ ሲያነጥረው ይላላል፤ ውሃና አቧራ ይገባዋል፤ ናሱም አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። መኪናው ጋራዥ ሲደርስ ደኅና ይሆናል፣ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ሞተር ሲጠፋ ደግሞ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይልም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል። ነገሩ የፕላስቲክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ይህን ብልሽት ለማስተካከል ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሶኬቱን በፒንሳ ቆርጦ መጣል፣ ሽቦን ከሽቦ ጋር ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ነው። ለዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ይበቃሉ። ሁለተኛው መንገድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ባለሙያው አስቀድሞ ባትሪውን ይፈታል፤ የሽቦዎቹን ቀለምና ቦታ ይመዘግባል። ከሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ ተመሳሳዩን ሶኬት ያፈላልጋል። ከዚያም ውስጡ ያሉትን የናስ ጥርሶች በቀጭን መሣሪያ ከአሮጌው ቤት አላቆ ወደ አዲሱ ያስገባቸዋል። ጥርሱ ራሱ በዝገት ከተበላም ከነሽቦው የመጣ ሶኬት ይቀጥላል። ሲቀጥልም ውፍረቱ እኩል የሆነውን ሽቦ መርጦ፣ መገናኛውን በመጨመቂያ አጥብቆ፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ያለብሰዋል። በእርሳስ መበየድ የጠነከረ ቢመስልም ሽቦውን ከብየዳው ጫፍ ላይ ግትር ስለሚያደርገው፣ የሞተር መንቀጥቀጥ ባለበት ቦታ እዚያው ላይ ሊሰበር እንደሚችል ያውቃል። በመጨረሻም የውሃ መከላከያ ጎማውን መልሶ፣ ሽቦውን ከጭስ ማውጫው ሙቀት አርቆ ያስረዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ። በሁለቱም መንገድ መኪናው ይነሣል። በሁለቱም ባለቤቱ አመስግኖ፣ ከፍሎ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሠራተኛ በአንደበቱ አንድም ውሸት አልተናገረም። ታዲያ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?

መልሱን ለማግኘት ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ውስጥ ያደረጉትን ማስታወስ ይበቃል። በአንድ ነጋዴ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ እርጥበት አገኙ። ምን እንደሆነ ቢጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ማድረግ ይገባው እንደነበር ነግረው፣ የሚያታልል ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑን አስጠነቀቁት። ነጋዴው እህሌ ደረቅ ነው አላለም፤ ስለ እርሱ የተናገረው የክምሩ አናት ነው። ናስትሮም እንዲሁ ይናገራል። ጥቁሩ ጥቅልል ለባለ መኪናው ሥራው ተሠርቷል ይለዋል፣ ውስጡ ግን የተጠመዘዘ ባዶ ሽቦ ነው። ውሸት በምላስ ብቻ ሳይሆን በእጅም እንደሚነገር ከዚህ የበለጠ ምን ያስረዳናል?

ይሁን እንጂ ባለሙያዎቹ የሚያነሡት ክርክር በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። ደንበኛው ገንዘብ የለውም፤ መኪናው ዛሬ ካልወጣ የልጆቹ እራት የለም ይላሉ። እውነት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። ስለዚህ ያለችውን አሮጌ መኪና እየጠገኑ መንዳት ለብዙ ቤተሰብ አማራጭ የሌለው ነገር ሆኗል። በዚህ ሁኔታ ጊዜያዊ ጥገና ሐራም ነው ብሎ መፍረድ ሰውን ከአቅሙ በላይ ማስጨነቅ ይሆናል።

እኔ እንደማምነው ግን ክርክሩ ጥያቄውን አይነካም። ጥያቄው ርካሽ ጥገና ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚል አይደለም፤ መደበቅ ይፈቀዳል ወይ ነው። "ወንድሜ፣ ይህ ለሰሞኑ እንዲያደርስህ ያሰርኩት ነው፤ ሶኬቱን እስክትገዛ ረጅም መንገድ አትውጣበት" ያለ ሠራተኛ በናስትሮ ቢጠቀልልም አማናውን ተወጥቷል። ያንኑ ሠርቶ ዝም ያለው፣ ይባስ ብሎም የሙሉ ጥገና ዋጋ የተቀበለው ግን አላህ (ሱ.ወ) ከሚያየው ነገር ላይ ናስትሮ ለመጠቅለል ሞክሯል። ሁለቱን የሚለያቸው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ዋጋዋም ምንም ነው።

ባለቤቱ ካወቀና ከተስማማስ ነገሩ አለቀ ማለት ነው? አላለቀም። መኪናው ታክሲ ከሆነ ከኋላ የሚቀመጡት ተሳፋሪዎች አልተስማሙም። መኪናው ነገ ከተሸጠም የሚገዛው ሰው አልተነገረውም። እዚህ ላይ ታላቁ ሶሓቢይ ዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ) ያደረጉት ትምህርት ይሆነናል። ኢማም አልገዛሊ ኢሕያእ ዑሉሙዲን በተሰኘው ሥራቸው እንደጻፉት፣ አንድ ሰው ግመሉን በ300 ድርሃም ሲሸጥ ዋሲላ በአጠገቡ ቆመው ነበር። ገዢው ግመሏን ይዞ ከሄደ በኋላ ሮጠው ደረሱበትና ለሥጋ ነው ለመጓጓዣ የገዛሃት ብለው ጠየቁት። ለመጓጓዣ መሆኑን ሲነግራቸው ሰኮናዋ ላይ ቀዳዳ ማየታቸውንና ተከታታይ ጉዞ እንደማትችል ገለጹለት። ገዢው ተመልሶ ሻጩ 100 ድርሃም ቀነሰለት። ሻጩ ሽያጬን አበላሹብኝ ብሎ ቅር ቢሰኝ፣ ለማንኛውም ሙስሊም ቅን መካሪ ለመሆን ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል መግባታቸውን ነገሩት። ዋሲላ ሻጭም ገዢም አልነበሩም፤ ያወቁ ሰው ብቻ ነበሩ። ማወቃቸው ብቻውን ግዴታ ጣለባቸው። የዘመናችን ግመል ሰኮናዋ ኮፈን ሥር ነው፤ ቀዳዳውን የሚያውቀውም ያ ኤሌክትሪሺያን ነው።

ሊቃውንቶቻችን ይህን ጉዳይ ለሕሊና ብቻ አልተዉትም። ዓሊይ ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) የእጅ ባለሙያዎችን ለተረከቡት ዕቃ ተጠያቂ ያደርጉ እንደነበር፣ ምክንያታቸውም የሕዝቡ ጥቅም ያለዚህ የማይጠበቅ መሆኑ እንደነበር ተዘግቧል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) የኖሩት አሽሸይዘሪ ስለ ገበያ ቁጥጥር በጻፉት መጽሐፍ ደግሞ፣ የገበያ ተቆጣጣሪው ሙሕተሲብ ሁሉንም ሙያ ሊያውቅ ስለማይችል ከየሙያው አንድ ታማኝ አዋቂ እንዲሾም መክረዋል። የተሰወረን ሥራ ሊመረምረው የሚችለው የሙያው ሰው ብቻ መሆኑን ገና በዚያ ዘመን አስተውለውት ነበር ማለት ነው። ዛሬም በየጋራዡ ያሉ ወንድሞቻችን እርስ በርሳቸው ይህን ኃላፊነት ቢወስዱ፣ የአንዱን ጥቅልል ሌላው ሲከፍተው ሳቅ ብሎ ከማለፍ ይልቅ ቢመክረው፣ መልካም ጅምር በሆነ ነበር።

ነገር ግን ጣታችንን ወደ ሠራተኛው ብቻ ብንቀስር ፍትሕ አይሆንም። እኛ ደንበኞችስ? የጎማ ወይም የባትሪ ዋጋ ሲጠራ የምንከፍል ሰዎች፣ የሁለት ሰዓት የእጅ ሥራ ሲጠራብን "ሽቦ ለማገናኘት ይህን ያህል?" ብለን እንቆጣለን። የሚጨበጠውን ዕቃ እናከብራለን፤ የማይታየውን ጥንቃቄ ግን በነጻ እንፈልጋለን። በዚህ ዓይነት በትክክል የሚሠራው ሰው ሥራ ያጣል፤ ጠምዝዞ የሚጠቀልለው ደግሞ ወረፋ ይሞላበታል። ሠራተኛን እውነት ስለ ተናገረ ብቻ የሚቀጣ ደንበኛ የማታለሉን ዋጋ ራሱ እየከፈለ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

ስለዚህ መኪና ስናሠራ ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ምን ሠራህ? ምንስ ቀረ? ሠራተኛውም ኮፈኑን ከመዝጋቱ በፊት የሠራውን ያሳይ፤ ያልሠራውንም ይንገር። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል። ኢሕሳን አላህን እንደምናየው ሆነን መገዛት፣ እኛ ባናየው እርሱ እንደሚያየን ማወቅ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። ይህ ትምህርት ለመስጊድ ብቻ የመጣ አይደለም። እጁ በቅባት የጠቆረ ሰው አንዲትን የፕላስቲክ ምላስ ቀጭ እስክትል ድረስ ሲጫን ማንም አያየውም። ትምህርቱ የሚፈተነውም እዚያ ነው።

ወሏሁ አዕለም።