40 ስም፣ 70 ችግረኛ

ለአፍታ ራስዎን በአንድ የገጠር ቀበሌ የተረጂዎች ምልመላ ኮሚቴ አባል ቦታ ያስቀምጡ። የመንደሩ ሰው እርስዎን የመረጠው እውነት ይናገራል፣ አላህን ይፈራል ብሎ ነው። ከወረዳ የመጣው ወረቀት ለመንደርዎ የደረሰው ኮታ 40 ቤተሰብ ነው ይላል። ከጓደኞችዎ ጋር ቤት ለቤት ዞራችሁ፣ ማን በሬ እንዳለው፣ ማን ከዐረብ አገር ልጅ እንደምትልክለት፣ የማን ጎተራ በኅዳር ሞልቶ በጥር እንደሚራገፍ አጣርታችሁ ያገኛችሁት ግን 70 ነው። 30ው ምን ይሁኑ? ይህ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። እኔ ግን የአማና ጥያቄ ነው፣ በቂያማ ቀንም ያስጠይቃል እላለሁ።

በአገራችን በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከዚያ በፊት የነበረውን የአስቸኳይ ዕርዳታ አሠራር ለመለወጥ የታሰበ ነበር። ድርቅ በመጣ ቁጥር ለጋሽ ይለመናል፣ እህሉም ከብቱ ካለቀና ሰዉ ከተሰደደ በኋላ ይደርሳል፤ የ1966ቱንና የ1977ቱን የወሎ ረሃብ ያዩ ሽማግሌዎች ለዚህ ሌላ ምስክር አያሻቸውም። አዲሱ ፕሮግራም በየዓመቱ እህል እንደሚያጥራቸው ለሚታወቁ ቤተሰቦች ችግሩ ሳይብስ በእህል ወይም በጥሬ ገንዘብ ለመድረስ ተነሣ። ሲጀመር 5 ሚሊዮን ያህል፣ በኋላም ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አቀፈ። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ የገጠር መንገድ ይጠርጋል፣ የተራቆተ ተራራ ያለማል። አረጋዊው፣ አካል ጉዳተኛውና ጧሪ የሌለው ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰብለታል፤ ሥራውም በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። የቀኑ ክፍያ በእህል 3 ኪሎ ሲሆን፣ በገንዘብ ደግሞ መጀመሪያ ላይ 6 ብር ነበር። እንግዲህ 5 ነፍስ ያለው ቤት በወር 75 ኪሎ ይደርሰዋል ማለት ነው። የመጀመሪያው ደንብም የቤቱ ሰው ሁሉ እንዲቆጠር ያዝ ነበር፤ ምክንያቱም ግማሽ ቤተሰብ መመገብ የሚባል ነገር የለም።

ደንቡ መልካም ነው። ችግሩ ቁጥሩ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ ድህነቱ ደግሞ ከታች ወደ ላይ የሚቆጠር መሆኑ ነው። ኮታው ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ሲሸነሸን ይመጣል። ኮሚቴው ደግሞ ከመንደሩ ተነሥቶ ስም ይለቅማል። ሁለቱ ሲገናኙ አይመጣጠኑም። ታዲያ ብዙ ኮሚቴዎች ምን አደረጉ? አካፈሉ። 6 ነፍስ ላለው ቤት 3 ስም ብቻ ጻፉ፤ ወይም 40ው ከተቀበሉ በኋላ ከመጋዘኑ ደጅ ሳይርቁ ለ30ው እንዲቀንሱ አደረጉ። ወደ ወረዳ የሄደው ሪፖርት ግን 40 ቤተሰብ ሙሉ ድርሻውን አግኝቷል የሚል ነው።

እነዚህን ሰዎች ክፉ ናቸው ብሎ ማለፍ አይገባም። ነገ ከእነዚያው ሰዎች ጋር በአንድ መስጂድ ይሰግዳሉ፣ በአንድ ቂሬ ይቀባበራሉ። ጎረቤቱ ሲበላ ሌላው ጦሙን የሚያድርበት መንደር አብሮ አይኖርም። ከዲናችንም ማስረጃ አላጡም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የአሽዐሪዮችን ጎሣ ማመስገናቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል፤ እነዚህ ሰዎች በዘመቻ ወይም በመዲና ስንቃቸው ሲያጥር ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው በአንድ መሥፈሪያ እኩል ይካፈሉ ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እነርሱ ከእኔ ናቸው፣ እኔም ከእነርሱ ነኝ ብለዋቸዋል። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ምን አለ?

ይሁንና ሐዲሱን ቀስ ብለን እንመልከተው። አሽዐሪዮች ያካፈሉት የማንን ነው? የራሳቸውን። በጨርቁ ላይ ጥቂት ያለውም ብዙ ያለውም አምጥቶ አፍስሷል፤ ከሁሉ በላይ የጎደለበትም ብዙ የነበረው ሰው ነው። በእኛ መንደር ግን የሚቀነሰው ከማን ነው? ከ40ዎቹ፣ ማለትም እጅግ ድሆች ተብለው ከተመረጡት ነው። ሁለት ጥማድ በሬ ያለው፣ ወፍጮ የተከለው፣ ሱቅ የከፈተው ከማካፈሉ ውጭ ነው። የድኻን ድርሻ ለድኻ እየሸነሸንን፣ ያለው ሰው ምንም ሳይነካ መንደሩ ሰላም ውሎ ያድራል። ይህን መተሳሰብ ብለን ብንጠራው ስሙን ያለ ቦታው መስጠት ይሆንብኛል። ባለ ሐቁ ራሱ ወዶ ከሰጠ ኢሣር ነው፣ ምንዳውም ትልቅ ነው። ሌላው ስለ እርሱ ሆኖ ከሰጠለት ግን፣ ሰጪው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ያልተጠየቀ ሰው ሐቅ ተወስዷል።

በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ የአመድ ዓመት በተባለው ድርቅ ጊዜ፣ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ሕዝቡ እስኪያገግም ቅቤና ሥጋ አልቀምስም ብለው ነበር። ከዚያ ዓመት ጋር ተያይዞ የሚተላለፍ አንድ ሐሳባቸውም አለ፦ ችግሩ ቢቀጥል ኖሮ እህል ባለበት በእያንዳንዱ ቤት የቤተሰቡን ቁጥር ያህል ድሆች ይመድቡ ነበር፤ ሰው በግማሽ ሆድ አይሞትምና። ልብ ይበሉ፤ እርሳቸውም ማካፈልን አስበዋል። ማካፈሉን የጀመሩት ግን እህል ካለበት ቤት ነው።

ወደ ሪፖርቱ እንመለስ፤ ለእኔ ከእህሉ ይልቅ የሚያስፈራው እርሱ ነውና። ዑመር (ረ.ዐ) ዱቄት ተሸክመው የሄዱበትን ሌሊት ኹጥባ አድራጊዎቻችን ደጋግመው ይነግሩናል። እኔ የምመርጠው ብዙ የማይወሳውን ሌላ ሌሊት ነው። ከበይቱል ማል ለሕፃን ድርሻ የሚቆረጠው ጡት ሲጥል ነበር። ከመዲና ውጭ ያረፈ ቅፍለት ሲጠብቁ ያደሩት ዑመር (ረ.ዐ) ሌሊቱን የሚያለቅስ ሕፃን ሰምተው እናቱን ደጋግመው ጠየቁ። ማንነታቸውን ያላወቀችው እናት ዑመር ጡት ላልጣለ አይሰጥምና ያለ ጊዜው ጡት እያስጣልኩት ነው አለቻቸው። በማግስቱ በፈጅር ሶላት ላይ እያለቀሱ አሰገዱ፤ ከዚያም ድርሻው ከተወለደ ጀምሮ እንዲቆረጥ ወደየአገሩ አዘዙ። ደንቡ በቅን ልቡና የወጣ ነበር፤ ግን ሕፃናትን ይጎዳ ነበር። ሊለወጥ የቻለው እውነተኛው ነገር ሳይሸራረፍ ደንብ አውጪው ጆሮ ስለ ደረሰ ነው።

የዛሬ ሹም በየመንደሩ አያድርም፤ ሊያድርም አይችልም። የሕፃኑ ለቅሶ የሚደርሰው ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን በሚያልፍ ቅጽ ላይ ነው። እርስዎ 40 ቤተሰብ ሙሉ ድርሻውን አገኘ ብለው ሲፈርሙ ለቅሶውን አፍነውታል። የሚቀጥለውም ዓመት ኮታ በዚያ ቅጽ ላይ ይመሠረታል። ሙሉ ድጋፍ አግኝቷል የተባለው ቤት ለምን ከድህነት አልወጣም ተብሎ ሲጠየቅ ሰነፍ ነው፣ ጠባቂ ሆኗል የሚል መልስ ይሰጣል። ግማሹን ብቻ እንደበላ ግን ማንም አይጽፍም። ሪፖርቱ በዚህ መንገድ ሐሜት ይሆናል።

አዎን፣ የሚነሣ መቃወሚያ አለ። እውነቱን ብጽፍ ደንብ ጥሰሃል ተብዬ እነሣለሁ፤ በእኔ ቦታም ዘመዱን ብቻ የሚጽፍ ይመጣል ይባላል። ቀላል መቃወሚያ አይደለም። በገጠር ከኮሚቴ መነሣት ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ሰው በዚህ አይቀልድም። ነገር ግን አቡ ዘር (ረ.ዐ) ሹመት በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመለሱላቸውን እናስታውስ፦ ሹመት አማና ነው፣ በሐቁ ይዞ ግዴታውን ከተወጣ ሰው በቀር በቂያማ ቀን ውርደትና ጸጸት ነው። ቦታውን የያዝነው በውሸት ፊርማ ከሆነ፣ የምንጠብቀው ቦታውን ነው ወይስ አማናውን?

ደግሞስ በውሸትና በዝምታ መካከል ሌላ መንገድ የለምን? 70ውን ስም ጽፎ፣ 40ው እነዚህ ናቸው፣ 30ው ደግሞ ኮታው ስላልበቃ የቀሩ ናቸው ብሎ መላክ ደንብ መጣስ አይደለም። ኮታው ባይጨመር እንኳ ጉድለቱ በወረቀት ላይ ይኖራል። 40ዎቹ ከወደዱ በሽማግሌዎች ፊት ይጠየቁ፤ ያልወደደ አይገደድ፣ አይወቀስም። ለ30ው ደግሞ የመጀመሪያው ደጅ የመንግሥት መጋዘን አይደለም። ምርቱ 5 ወስቅ የሞላለት ገበሬ፣ ብዙ ዑለማዎች ወደ 6 ኩንታል ተኩል ገደማ ይገምቱታል፣ በዝናብ ካመረተ ዐሥረኛውን፣ በመስኖ ካመረተ ሃያኛውን ዘካ የማውጣት ግዴታ አለበት። ኮሚቴው ያንን የ30 ሰው ዝርዝር ይዞ በኅዳር፣ አውድማው ሳይነሣ፣ ወደ መስጂዱ ኢማም ቢሄድ ስንቱ ቤት እስከ ሰኔ ይደርስ ነበር! ዘካችን እኮ በአብዛኛው ደጃፋችን ላይ ለሚቆም ሰው በቁና የሚሰፈር ሆኗል። አላህ (ሱ.ወ) በቁርአኑ ካነሣቸው ድሆች መካከል ግን ስለማይለምኑ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም የሚያስመስላቸው ይገኛሉ።

ከእነዚህም አንዷን ልጥቀስ፤ የእኛው ቤት ገመና ስለሆነች ብዙ አይነገርላትም። ሁለት ሚስት ያለው ሰው በዝርዝሩ ላይ አንድ ጊዜ ይጻፋል። ራሽኑ በእርሱ ስም ወጥቶ ወደሚያድርበት ቤት ይገባል። ሁለተኛዋ ሚስት ሌላ ጎጥ ውስጥ ከልጆቿ ጋር ለብቻዋ ታበስላለች፣ ለብቻዋ ውሃ ትቀዳለች። ምልመላ ሲመጣ ግን ባሏ ስላለ ታልፋለች፤ ዘካ ሲወጣም ባሏ ስላለ ትታለፋለች። ኮሚቴው የቆጠራቸው 70 ቤቶች ውስጥ እርሷ የለችበትም። እርስዎ በዚያ ኮሚቴ ውስጥ ካሉ በመጪው ጥር እርሷ የምትኖርበት ጎጥ ድረስ ይሂዱና ማጀቷን አይተው ለብቻዋ ይጻፏት።