አሳዳጁን ማን ያስቆመዋል?

የካውቦይ ፊልም ያየ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ወንበዴዎች ከብት ይነዳሉ፣ ሰው ይገድላሉ፤ የከተማው ወንዶችም ፈረስ ጭነው ይከተሏቸዋል። እኛ ተመልካቾች ገና ከመጀመሪያው ከአሳዳጆቹ ጋር ፈረስ ላይ ወጥተናል። «በለው! ያዘው!» እንላለን እንጂ አሳዳጁ ትክክል ነው ወይ ብለን አንጠይቅም። አክተሩ እሱ ነዋ!

ዊሊያም ዌልማን በ1943 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ዘ ኦክስ ቦ ኢንሲደንት» የተባለው ፊልም ግን ጭብጨባችንን እጃችን ላይ ያስቀረዋል። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1885 እ.ኤ.አ. በኔቫዳ ነው። አንድ ከብት አርቢ ተገደለ የሚል ወሬ ይመጣል። ሸሪፉ በሌለበት ሰዎች ተሰባስበው ይወጣሉ፤ ሌሊት ሦስት መንገደኞች ይይዙና ሲነጋ ይሰቅሏቸዋል። «ለፍርድ ይቅረቡ» ብለው የቆሙት ሰባት ብቻ ነበሩ። ሲመለሱ ሸሪፉን መንገድ ላይ ያገኙታል፤ ለካ ሞተ የተባለው ሰው አልሞተም።

ፊልሙ ታላቅ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ያቀልልናል እንላለን። የተሰቀሉት ንጹሓን ስለነበሩ ጥፋቱ ለማንም ግልጽ ነው። ሰዎቹ በእርግጥ ገዳዮች ቢሆኑስ ኖሮ? ያን ጊዜ ስቅላቱ ትክክል ይሆን ነበር? ይህን ለመመርመር ኔቫዳ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት የሚጓዝ መንገደኛ የሚያገኛት ደባርቅ ትበቃናለች።

በ1852 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ፕላውደን ከጎንደር ወደ ምጽዋ ለመጓዝ ሲነሣ በጋረድ ሰዎች እጅ ወደቀ። ክፉኛ ቆስሎ ስለነበር በገንዘብ ከተዋጀ በኋላ ጎንደር ላይ ሞተ። ጋረድ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ከሸፈተው ከአገው ንጉሤ ጋር አብሯል። ሟቹ ደግሞ የንጉሡ ወዳጅ ነበር። በ1853 ዓ.ም. መጀመሪያ ቴዎድሮስ ጋረድን ደባርቅ ላይ ገጥሞ ድል አደረገው። ጋረድ ተገደለ። በዚያው ውጊያ ግን ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የሚባለው እንግሊዛዊው ጆን ቤል ወደቀ። ሊቀ መኳስ ማለት በጦር ሜዳ እንደ ንጉሡ ለብሶ ለንጉሡ የታሰበውን ጦር ወደ ራሱ የሚስብ ባለሟል ነው፤ ቤልም የሹመቱን ዕዳ በነፍሱ ከፈለ። ከዚያ በኋላ የተማረኩት የጋረድ ተከታዮች በንጉሡ ትእዛዝ አለቁ። ቁጥራቸው ከአንድ ሺህ በላይ እንደነበር የዘመኑ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል።

እነዚህ እንደ ኔቫዳዎቹ መንገደኞች አይደሉም። ጦር አንሥተዋል፤ ደም አለባቸው። ታዲያ ምን ይደረግ ነበር? ይህን ስንከራከር ከጓደኞቻችን አፍ ሦስት መልሶች ይመጣሉ።

አንደኛው «ዘመኑ ነው» የሚል ነው። ይህን መልስ የሚያፈርሰው ቴዎድሮስ ራሱ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. እዚያው ስሜን ውስጥ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ ማረከው፤ ውቤ ባሠራት በደረስጌ ማርያምም ዘውድ ጫነ። ውቤ ግን ታሰረ እንጂ አልተገደለም። አገሩ ያው፣ ድል አድራጊውም ያው ሰው፤ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላም። ምርኮኛን በሕይወት ማቆየት የማይታወቅ ነገር አልነበረም ማለት ነው። ደረስጌ ላይ ንጉሡ የመጣው ድል ይዞ ነበር፤ ደባርቅ ላይ ግን ሐዘንም አብሮት ነበር።

ሁለተኛው «ሽፍታ ሕግን ስለናቀ ሕግ አይገባውም» ይላል። እኮ፣ ቋራ በረሃ የነበረው ካሣ ማን ነበር? ሽፍታ አይደለም እንዴ? አሳዳጆቹ ይዘው የደባርቁን ፍርድ ቢፈርዱበት ኖሮ የደረስጌ ዘውድ ባልኖረ። በእኛ ቋንቋ ሸፈተ ሲባል ቀማኛም፣ ርስቱን በግፍ የተነጠቀም፣ ዙፋን የፈለገም ያው አንድ ቃል ይበቃቸዋል። በጣልያን ወረራ ጊዜ አርበኞቻችንም በወራሪው አፍ ሽፍታ ነበሩ። ስሙን የሚያወጣው አሳዳጁ ነው። ስሙ ብቻውን ለሞት የሚያበቃ ከሆነ የማንም አንገት ደኅና አይደለም።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። «አገር አንድ የሚሆነው በርኅራኄ አይደለም፤ ያልተቀጣ ይደግማል» ይላል። መቀጣታቸውን እኛም አንቃወምም። አገው ንጉሤም በዚያው በ1853 ዓ.ም. መውደቁን አንክድም። ነገር ግን ሽፍትነቱ በዚያ ቆመ ወይ? እየበዛ ሄደ እንጂ! በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲከበብ ከአገሩ አብዛኛው ከእጁ ወጥቶ ነበር። ፍርሃት ያስገብራል፣ አያሳምንም።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይባላል። ልብ እንበል፤ ይህ ቃል የሚያስቆመው የሚሸሸውን ብቻ አይደለም፤ ዱላ ያነሣውንም ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ቋጥረው አብረው ወደ ዳኛ የሚሄዱበት ልማድም ነበር። በመንገዱ ላይ በዳይም ተበዳይም እኩል ታሳሪ ናቸው። የተበደለው ሰው እውነቱን ይዞ ሳለ ለምን ይታሰራል ብንል፣ እውነት ስላለው ነው እንላለን። ያልተበደለ ሰው እጁን ለመሰብሰብ አይቸገርም፤ ወዳጁ የሞተበት ግን ልጓም ያስፈልገዋል። ሕግ ሽፍታው ዘንድ ከመድረሱ በፊት አሳዳጁ ዘንድ መድረስ አለበት የምንለው ለዚህ ነው። አለዚያ ሁለቱን የሚለያቸው ያሸነፈው የትኛው ነው የሚለው ብቻ ይሆናል።

ይህ ደግሞ የ1853 ጥያቄ ብቻ አይደለም። አሳዳጅና ተሳዳጅ ዛሬም በአገራችን አሉ፤ ስም አውጪም አልጠፋም። ኔቫዳ ላይ ሰባት ሰዎች ከሰልፉ ወጥተው ቆሙ፤ አላስጣሉም፣ ግን ቆሙ። የሚታደኑት ሰዎች በእርግጥ በድለውን ሲሆን፣ ሟቹም የእኛው ወዳጅ ሲሆን፣ ከመካከላችን ወጥቶ «በሕግ አምላክ!» የሚል ስንት ሰው ይገኛል?